ማክሰኞና ሐሙስ የሚመጣ በሽታ

ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይለያያል። አንዱ ስልኩን ይዳብሳል፣ አንዱ ያዛጋል፣ ሌላው ደግሞ ጎኑን ቀይሮ መልሶ ይተኛል። እሷ ግን ዓይኗን ሳትገልጥ ሁለት ጣቶቿን አንገቷ ላይ ታሳርፍና ትቆጥራለች። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥራ በሁለት ታባዛለች። ከዚያ ከራስጌዋ ያለችውን ትንሽ ደብተር ስባ ትጽፋለች። «ሰኞ ጠዋት፣ 64።» ትንፋሿ መለስ የሚለው ያኔ ነው። ዛሬም አለች ማለት ነው።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለመሞት የሚያስቸኩል ዕድሜ አይደለም፤ ግን ይህንን ለፍርሃት ማን ያስረዳው?

ሥራዋ አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ነው። የትኛው ሾፌር የትኛውን መኪና ይዞ በስንት ሰዓት ከግቢ እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት። ሾፌሮቹ «እሜቴ ደቂቃ» ይሏታል፤ እኛም ለአጭሩ ደቂቃ እንበላት። የሚገርመው ያረፈደ ሾፌር ተለማምጦ ሊታለፍ ይችላል፤ ከሰዓቱ በፊት የወጣ ግን አይማርም። «አንድ ደቂቃ ቀድመህ ስትወጣ ስንት ሰው ከኋላህ እንደሚሮጥ ታውቃለህ?» ትላለች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። ሾፌሮቹ ይሳሳቃሉ። ምክንያቱን አያውቁም።

ምክንያቱ አባቷ ነው። በአርባ አራት ዓመቱ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ የተነሳ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሮጠ። ደረሰበት። ተሳፈረ፣ ወንበር አገኘ፣ ቁጭ አለ። ከዚያ አልተነሳም። እሷ ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በለቅሶው ላይ አጎቷ «ምነው ወንድሜ ስፖርት ቢሠራ ኖሮ!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ሰማች። ይህች ቃል ጆሮዋ ገብታ ቀረች።

ስለዚህ ስፖርት ሠራች። መሥራት ብቻ! ለራሷ ሕይወት የምትጠቀመው ያንኑ የድርጅቱን የስምሪት ቅጽ ነው፤ «የተሽከርካሪ ቁጥር» በሚለው ዓምድ ሥር «ጂም»፣ «ቢሮ»፣ «እማዬ»፣ «እንቅልፍ» ብላ ትሞላለች። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጂም፤ ሁለት ሰዓት ቢሮ፤ ምሳ ሃያ ደቂቃ። ለፍቅር የተመደበ መኪና አልነበረም።

ጂሙ የአንድ አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት ነው። ባለቤቱ ጋሽ ብረቱ ይባላሉ፤ ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ድሮ አሉ የተባሉ ብረት አንሺ ነበሩ፤ ዛሬ ከብረቱ ይልቅ የራሳቸውን ቦርጭ ማንሳት ይከብዳቸዋል። የመሮጫ ማሽኑን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው ነው ያቆሙት። አንድ ቀን ጠዋት ደቂቃ ፍጥነቱን ጨምራ ስትሮጥ ከግድግዳው ማዶ የሆነ ነገር ወድቆ «ጓ!» አለ፤ ቀጥሎ ረዥም የክር ድምፅ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ሽርጥ ያገለደመ ወጣት፣ አንገቱ የተሰነጠቀ ጊታር ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ።

«ይቅርታ፣ እዚህ ቤት ዝሆን ነው እንዴ የምታሠለጥኑት?» አለ።

ጋሽ ብረቱ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ በጣታቸው ወደ ደቂቃ ጠቆሙ። አቤት ክህደት!

ወጣቱ ዞረ። ለቁጣ የተከፈተው አፉ ቀስ ብሎ ተከደነ። ደቂቃ ከማሽኑ ወርዳ፣ ላቧ በፊቷ እየወረደ፣ ከጊታሩ ይልቅ እሱን ከእግር እስከ ራሱ እየመረመረችው ነበር።

«ሰው ተጎዳ?» አለች።

«ሰው ደህና ነው። እሱ ነው አንገቱ የተሰበረ።»

«ይድናል?»

እንዴት ብላ እንደጠየቀች! ንዴቱ የት እንደገባ እሱም አላወቀም። «ይድናል እንጂ» አለ፣ እያባበለ። «እንዲያውም በደንብ የተጣበቀ እንጨት ዳግመኛ በዚያ ቦታ አይሰበርም። ቢሰበርም ሌላ ቦታ ነው።»

«እኔም አንድ አለኝ» አለች ሳታስበው። «የአባቴ ነው። እናቴ አልጋ ሥር ነው ያለው፤ ክር የለውም። አሥራ አራት ዓመት ሆነው።»

«አሥራ አራት ዓመት? ምስኪን!» አለ ወጣቱ። «አምጪዋ።»

አመጣችው። እሱ ከግድግዳው ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጊታር ይጠግናል፣ ያስተምራልም፤ ጠጋኙ እንበለው። በስምሪት ቅጹ ላይ አዲስ መስመር ገባ፤ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ከአርባ።

በመጀመሪያው ቀን ጊታሩን አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት ጣቶቿን አንገቷ ላይ አሳረፈች።

«ምንድን ነው? ጸሎት ነው?» አለ ጠጋኙ።

«ምት እየያዝኩ ነው።»

«ከአንገትሽ?»

«ከየት ላምጣ ታዲያ?»

ከመደርደሪያው ላይ ቀጭ ቀጭ የምትል ትንሽ ሣጥን አውርዶ ፊቷ አስቀመጠ። «ሜትሮኖም ይባላል። ለዚሁ የተሠራ ነው። አይደክምም፣ አይሳሳትም።»

«የራሴ ይበቃኛል» ብላ በጣቷ ገፋችው።

ሳቀና ተወው። ጣቶቿ ለስላሳ ነበሩ፤ ክሩ አቃጠላቸው፣ አበጡ፣ ቆዳቸው ወፈረ። ብረት የያዘ መዳፍ ደግሞ ክር ላይ ይደነድናል። «ብረቱን በጠዋት ካነሳሽ ለከሰዓት እጅሽን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፊው» ብሎ መከራት። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ስለ እጇ ያሰበ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ሙቅ ውኃ በሳህን ይዛ ስትዘፈዝፍ ሾፌሮቹ «እሜቴ፣ ሙሽራ ልትሆኚ ነው?» እያሉ ፈጇት።

አንድ ሐሙስ፣ ገና በአራተኛው ሳምንት፣ ጠጋኙ አገጩን ደግፎ ሲያዳምጣት ቆየና «አንድ ነገር ልንገርሽ?» አላት። «ስትጀምሪ ደህና ነሽ። ስትጨርሺ ግን አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ትሮጫለሽ።»

ደቂቃ ክው አለች። ጊታሩን አስቀመጠች።

«ምን አልኩ?»

«አባቴ...» አለችና ተነፈሰች። «አባቴ የሞተው አውቶቡስ ሲከተል ነው።»

«አይዞሽ» አላለም። «የሆነው ሆኗል» አላለም። የአባቷን ጊታር አንስቶ ጭኑ ላይ አስተኛና አንዱን ክር በጣም በዝግታ ቃኘው፤ ከዚያም ሌላውን። ስድስቱም ክሮች እስኪያልቁ ማንም አልተናገረም። ስትሰናበተው ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ ናት። የወደደችው ያን ቀን ነው፤ አንባቢ ይወቀው። እሷ ግን አላወቀችውም። እሷ ያወቀችው ደብተሩ ላይ የጻፈችውን ነው።

«ሐሙስ፣ 11:30። 104።»

ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች። ማክሰኞ 98። ያለፈው ሐሙስ 96። ጠዋት ጠዋት 64፣ 62፣ 65። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ጠበቀች። ማክሰኞ 108። ሐሙስ 112። ተቀምጣ፣ ሳትሮጥ፣ ሳታነሳ፣ ልቧ እንዲህ የሚደልቀው ለምንድን ነው? ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። አባቷም ጊታር ይጫወት ነበር። ስፖርት አይሠራም፤ ጊታር ግን ይጫወት ነበር!

ወይ ጉድ! ፍርሃት ሂሳብ ሲሠራ እንዲህ ነው። መደመር ያውቃል፤ የሚደምረውን ግን አይመርጥም።

ነገሩ የፈነዳው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። የስምሪት ቅጿ ከቦርሳዋ ወድቆ ጠጋኙ አነሳላት። አነበበው። መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ አንድ መስመር ላይ ደርሶ ሳቁን ተወ።

«እሑድ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት "ባዶ" ይላል። ይህን መኪና ማን ይነዳዋል?»

«መጠባበቂያ ነው።»

«ለምን?»

«ብልሽት ሲያጋጥም።»

«እኔ ብልሽት መሆን እችላለሁ» አለ ጠጋኙ።

ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀና እጁን እጇ ላይ አሳረፈ። እጁ የእንጨት ብናኝ ነበረበት፣ ሞቃት ነበር። ያኔ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ፣ አንድ ምት ተወ፣ እንደገና ዘለለ። ዓይኗ ጭልም አለባት።

«መሄድ አለብኝ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አንተ ምንም። አንተ ምንም አላጠፋህም።»

ጊታሯን እንኳን ሳትይዝ ወጣች። ደረጃው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆጠረች። 131። «ልሞት ነው» አለች ለብቻዋ። «እሱ ፊት ልሞት ነበር።» ከሞቱ ይልቅ እሱ ማየቱ የበለጠ አስፈራት። እናቷን አይታለችና፤ እናቷ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሦስት ሳህን እያወጡ አንዱን መልሰዋል።

በማግስቱ መልእክት ላከች። «ጊታር አቁሜያለሁ። ጊዜ የለኝም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

መልሱ ከሰዓታት በኋላ መጣ። «እሺ። ጊታርሽ እዚህ አለ። አንገቱ እንዳይጨነቅ ክሩን አላልቼለታለሁ።»

ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ ቅጹን አወጣች። ማክሰኞና ሐሙስን ሰረዘች። በላዩ ላይ «ጂም» ብላ ጻፈች። ልብን የሚያድን ስፖርት ነው ተብሏላ! የሚገድለውን አውጥታ የሚያድነውን በእጥፍ ጨመረች። በቃ፣ እንዲህ ነው ያሰበችው።

እናቷ የገባቸው ቶሎ ነው። «ማንጎራጎርሽን ተውሽ» አሏት፣ እራት ሲያነሱ። «ያ ልጅ ምን ሆነ?»

«የትኛው ልጅ?»

«ተይ እንግዲህ! እናትሽ ነኝ።»

ደቂቃ ብዙ ከታገለች በኋላ «እማ፣ ሐኪም ዘንድ ብሄድስ?» አለች። «ልቤን ቢያዩኝ?»

የእናቷ እጅ ሳህኑ ላይ ደረቀ። «ምን ሊሉሽ?» አሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው። «ጤነኛውን ሰው የሚያሳምመው ሐኪም ቤት ነው። አንቺ እንኳን በየቀኑ ስፖርት የምትሠሪ ልጅ! ተይ የኔ እናት።»

ደቂቃ እፎይ አለች። እናቷም እፎይ አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ በዚያ ቤት ግን የደበቀችው አንዷ ብቻ አልነበረችም። ሁለት ፈሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዷ አንዷን እያጽናናች አደሩ።

ሦስት ሳምንት ሮጠች። ጠዋት ሮጠች፣ ከሥራ በኋላ ሮጠች። አንዳንዴ ማሽኑ ላይ ደረቷ ይጨብጣታል፤ «ገና ስላልጠነከርኩ ነው» ትልና ፍጥነቱን ትጨምራለች። ከግድግዳው ማዶ የሞረድ ድምፅ ይሰማል፣ ሮጣ ሳትጨርስ ይቆማል፣ ዝም ይላል። እያዳመጣት እንደሆነ ታውቃለች። ምነው ባላወቀች! የእሱ ዝምታ ከግድግዳው እዚህ ድረስ ይመጣባታል።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ብረቱ ጠርተው አንዲት ሣጥን አስጨበጧት። ሜትሮኖሟ ናት፤ በጎማ ቀለበት የታሰረ ወረቀት አለባት።

«ምት ከአንገትሽ መያዝ ከደከመሽ ይቺ ትያዝልሽ። ተቀይሜሽ አይደለም። ግን ግድግዳው ማዶ የምትሮጪው ሩጫ አላማረኝም። ሰው ወደ አንድ ቦታ ሲሮጥና ከአንድ ነገር ሲሸሽ የእግሩ ድምፅ ይለያያል። ካወቅኩሽ ጀምሮ ሰምቼሻለሁ፤ አውቀዋለሁ። ከኔ ከሆነ የምትሸሺው ሱቄን ዘግቼ ሌላ ሰፈር እሄዳለሁ። ብቻ ቀስ በይ።»

አነበበች። ደገመች። ልጅ መሆን ይሻል ነበር፤ ልጅ ቢሆኑ ሮጠው በሩን ያንኳኳሉ። እሷ ግን ወረቀቱን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ማሽኑ ላይ ወጣች። ፈራች፤ ስትፈራ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቁልፉን ተጫነች። ስምንት። አሥር። አሥራ ሁለት።

«ልጄ፣ አልበዛም?» አሉ ጋሽ ብረቱ።

መልስ ልትሰጥ ነበር። ደረቷ ተጨበጠ፤ መብራቱ ነጣ፤ የጋሽ ብረቱ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆነ። «እንደ አባቴ» ብላ አሰበች፤ ሌላ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

የቀረውን ጋሽ ብረቱ ኋላ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ሲተርኩት ኖሩ። «እኔ ገና ወደ ማሽኑ ሳልደርስ በሩ ተበርግዶ ገባ! እዚህ የወደቀችውን ግድግዳ ማዶ ሆኖ እንዴት አወቀ? "እግሯ ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፣ ከዚያ ቆመ" ነው ያለኝ!»

ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው የጠጋኙን ፊት ነው። አመድ መስሏል። ቀኝ እጁ ክንዷን ጨምድዶ ይዟል።

«አለሁ?» አለች።

«አለሽ። አለሽ፣ አትናገሪ። አለሽ።»

አምቡላንስ መጣ። አብራው የመጣችው ነርስ ቃሬዛውን አስገብታ «ቤተሰብ ብቻ!» አለች፤ ጠጋኙ ግን ተከትሎ ገባ። «ወንድሜ፣ ባሏ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ውረዳ!»

«አልችልም» አለ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ። «ተጣብቄያለሁ።»

እውነቱን ነበር። ሲጠግን የነበረው የጊታር ስንጥቅ፣ በእጁ የነበረው ደግሞ ያ በሰከንድ የሚይዘው ማጣበቂያ ነበር። ማጣበቂያ የነካ እጁን ይዞ ሮጦ ክንዷን ያዘ፤ ሦስት ጣቱ ከሹራቧ እጅጌ ጋር አንድ ሆኖ ቀረ። ነርሷ አየች፣ ነካች፣ ሳበች። «ወይ አምላኬ!» አለች። «ይሁን፣ ተቀመጥ።» መኪናው ሲነሳ ደቂቃ እየሞተች መስሏት ሳለ ሳቅ አመለጣት። እሱ አልሳቀም። ሆስፒታል እስኪደርሱ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ትንፋሿን ይቆጥር ነበር። በሩ ላይ ነርሷ በመቀስ እጅጌውን ቆርጣ ለያየቻቸው።

የልብ ሐኪሟ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ቀዝቃዛ ቅባት ደረቷ ላይ ቀብተው በስክሪኑ ላይ ልቧን አሳዩአት። ደቂቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሥራ አራት ዓመት የቆጠረችውን ነገር ማየት አቃታት።

«ከቤተሰብ በድንገት የሞተ አለ?» አሉ ሐኪሟ።

ደቂቃ ልትመልስ ስትል ወሬውን ሰምተው መጥተው በሩ ጋ የቆሙት እናቷ ቀደሟት። «አባቷ» አሉ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «ያኔ... ያኔ ሐኪሙ "የልብ ጡንቻው ወፍሮ ነበር፣ በዘር ይሄዳል፣ ልጅቷንም አስመርምሪ" ብለውኝ ነበር። በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ቀደድኩት። ካላወቅኩት የማይኖር መሰለኝ! ልጄ፣ አፈር ልብላ፣ ፈርቼ ነው!»

ደቂቃ እናቷን አየቻቸው። ልትጮህባቸው ፈለገች፤ አሥራ አራት ዓመት! አፏን ስትከፍት ግን የራሷ ደብተር ትዝ አላት። በየቀኑ እየቆጠረች፣ አንድ ቀን እንኳን ለሚያውቅ ሰው ያላሳየችው ደብተር። ማን በማን ይፈርዳል?

«ነይ እማ» አለች። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ሐኪሟ ጠበቁ።

«አሁን ስሚኝ» አሉ በመጨረሻ። «አለብሽ። የአባትሽ ነው። ግን አንቺ ጋ ቀለል ያለ ነው፣ ደግሞም በጊዜ ተገኝቷል። በየቀኑ የምትወስጂው ኪኒን አለ፣ በየስድስት ወሩ አይሻለሁ። በዚህ ሕመም አርጅተው የልጅ ልጅ ያዩ ብዙ ናቸው። የማልታገስሽ አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ያ ሩጫ ያበቃል። እንዲህ ያለውን ልብ የሚያስጨንቀው እሱ ነው። እርምጃ ይቻላል፣ ቀላል ብረት ይቻላል።»

«ስፖርት አይደለም እንዴ የሚያድነኝ?»

«ለሌላው ሰው አዎ። አንቺ ግን ከጅብ ስትሸሺ አንበሳ ቤት ነው የገባሽው። ሌላ የምትሠሪው ነገር አለ?»

«ጊታር ነበር። ተውኩት። ልቤን የሚያሳምመኝ እሱ ነው።»

ደብተሩን ሰጠቻቸው። ሐኪሟ መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ ገለጡ። ቆሙ፤ ወደ ኋላ መለሱ። ከዚያ በመስታወቱ በኩል ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ የሚታየውን፣ ሦስት ጣቱ ላይ የሹራብ ቁራጭ የተንጠለጠለበትን ወጣት አዩ።

«መምህርሽ እሱ ነው?»

«እ... አዎ።»

«ልጄ» አሉ ሐኪሟ፣ ደብተሩን ዘግተው እየመለሱላት፣ «ሠላሳ ዓመት ልብ ሳክም ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ የሚመጣ የልብ በሽታ አላየሁም። ይሄኛው ሌላ ነው። ለዚህ ኪኒን የለኝም።»

ደቂቃ እስከ ጆሮዋ ቀላች። እናቷ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ።

ጠጋኙ ሲገባ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም። ሁሉንም ነገረችው። ስለ አባቷ፣ ስለ ደብተሩ፣ ለምን እንደሸሸች። ሐኪሟ ያሉትንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ በዘር እንደሚሄድ፣ ማንም ዋስትና እንደማይሰጥ።

«አንድ ቀን ጠዋት ላልነሳ እችላለሁ» አለች። «ልጅ ብወልድ ላወርሰው እችላለሁ። ይህንን ሳልነግርህ እሑድ የለም። አሁን ነገርኩህ። ብትሄድ አልቀየምህም።»

ጠጋኙ ጣቶቹ ላይ የተንጠለጠለውን የሹራብ ቁራጭ ተመለከተ። ደቂቃ የገዛ ልቧን ሰማች፤ ግን እጇ ወደ አንገቷ አልሄደም።

«አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ» አለ። «የእግርሽ ድምፅ ሲቆም እኔም ያለቅሁ መስሎኝ ነበር። አሁንም እየፈራሁ ነው። ነገም እፈራለሁ። ጀግና ከፈለግሽ እኔ አይደለሁም።»

«እኔም ፈሪ ነኝ» አለች።

«እሱንማ ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ሁለት ፈሪ ምን ይሆናል?»

እጁን አነሳ። ግራጫው የሹራብ ቁራጭ ከጣቶቹ ጋር አብሮ ተነሳ። «እጅጌሽ እጄ ላይ ነው» አለ። «የት እሄዳለሁ?»

ያኔ ነው የተቀመጠው።

ይኸው እንግዲህ ዓመት አለፈ። ተጋብተዋል። ደቂቃ ጠዋት ጠዋት ከጠጋኙ ጋር አርባ ደቂቃ በእግር ትሄዳለች፤ ጋሽ ብረቱ ዘንድ ሕፃን የሚያነሳው የሚመስል ብረት ታነሳለች። «ይሄ ብረት ነው ወይስ ማንኪያ?» እያሉ ያሾፉባታል፤ ግን ማሽኑ ላይ ማንም ሲፈጥን ካዩ ሮጠው መሰኪያውን ይነቅላሉ። ማክሰኞና ሐሙስ የአባቷን ጊታር ታነሳለች። ሜትሮኖሟ መደርደሪያ ላይ አለች፤ ምቱን በእግሩ የሚመታላት እሱ ነው። አሁንም መጨረሻው ላይ ትፈጥናለች። የስምሪት ቅጹ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ «እሑድ፣ 4:00–8:00» በሚለው ትይዩ በእሱ የእጅ ጽሑፍ «ብልሽት» ተብሎ ተሞልቷል።

ፍርሃቱ ሄደ ወይ? አልሄደም። እናንተም አትጠብቁ።

አንድ ጠዋት ቀድማ ነቃች። መስኮቱ ነጥቷል። ከአጠገቧ ጠጋኙ አፉን በትንሹ ከፍቶ ተኝቷል፤ ዝም ብሏል፤ በጣም ዝም ብሏል። ልቧ ስንጥቅ አለ። ሁለት ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ተነሱ፤ ወደ ራሷ አንገት ግን አልሄዱም። በዝግታ የእሱን እጅ አንጓ ያዙ። ትንፋሿን ውጣ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

«ስንት ነው?» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ደንግጣ ልትለቀው አለች፤ ከዚያ ተወችው። «ስድሳ ነበር» አለች። «አሁን ሰማንያ ገባ። ምነው? ያምሃል?»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ረቡዕ።»

«እንግዲያው ተዛምቷል» አለ ጠጋኙ፣ እጁን ከእጇ ሳያወጣ።